ባለ ሁለት ቁራጭ የልብ ሞዴል፦ ከመግዛት በፊት ከፍቶ ማየት

በባዮሎጂ ክፍሎችና በነርስ ማሠልጠኛዎች በብዛት የሚታየው የልብ ሞዴል የአዋቂ ሰው ልብ የሚያክል፣ ማለትም የተጨበጠ እጅ የሚሆን፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራና በመቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ነው። የፊቱ ግድግዳ በማግኔት የተያዘ ስለሆነ ሲላቀቅ ውስጡ ይታያል። ብዙ አምራቾች ያወጡታል፤ ቅርጹ ስለሚመሳሰል ገዢው ልዩነት ያለው አይመስለውም። ግን አለ። ልዩነቱም በሚያብረቀርቀው ቀለም አይታወቅም፤ ሞዴሉ ተከፍቶ ግድግዳው በሁለት ጣት ሲያዝ ይገለጣል።

መጀመሪያ መለካት ያለበት የታችኛዎቹ ክፍሎች፣ የሁለቱ ቬንትሪክሎች ግድግዳ ነው። በጤናማ አዋቂ የግራው ግድግዳ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ የቀኙ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጥሩ ሞዴል ላይ ይህ ልዩነት ዓይን ጨፍኖ እንኳ በጣት ይታወቃል። በርካሹ ግን ሁለቱም እኩል ወፍረው ይገኛሉ፤ ያን ጊዜ ሞዴሉ ዋናውን ትምህርት ገና ሳይጀምር አበላሽቶታል። የቀኙ ቬንትሪክል ደም የሚገፋው አጠገቡ ወዳሉት ሳንባዎች ስለሆነ ሲጨመቅ ግፊቱ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይበቃዋል። የግራው ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት፤ ግፊቱም 120 ገደማ ይደርሳል። የግድግዳው ውፍረት የተገኘው ከዚህ ግፊት ነው።

ብዙ ተማሪ «ግራው የወፈረው ብዙ ደም ስለሚረጭ ነው» ይላል። ስህተት ነው። በእረፍት ላይ ባለ ሰው ሁለቱም በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ይገፋሉ። ቀኙ በየምቱ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ አብልጦ ቢልክና ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 700 ሚሊ ሊትር ትርፍ ደም ሳንባ ላይ ይጠራቀም ነበር። አስተማሪ ይህን ስሌት ሞዴሉን ከፍቶ በእጁ እንደያዘ ቢሠራው ተማሪው አይረሳውም።

ቀጥሎ ቫልቮቹ፣ ማለትም ደምን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት መዝጊያዎች። አብዛኛው ሞዴል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያሉት ሁለት ቫልቮች፣ በቀኝ ባለ ሦስት ቅጠል፣ በግራ ባለ ሁለት ቅጠል ናቸው። የቅጠሎቹ ጫፎች ጅማት በሚመስሉ ቀጫጭን ክሮች ተይዘዋል፤ ክሮቹ ደግሞ ከቬንትሪክሉ ግድግዳ ጣት መስለው ከሚወጡ ፓፒላሪ ከሚባሉ ጡንቻዎች ይነሳሉ። በርካሽ ሞዴል ክሮቹ በግድግዳው ላይ በቀለም ተሥለው ብቻ ይገኛሉ፤ ወይም ከጡንቻው ሳይነሱ ሜዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ይህ ትንሽ ጉድለት መስሎ መታለፍ የለበትም። ክሮቹ ቫልቩን ጎትተው አይከፍቱትም፤ የሚከፍተው የደሙ ግፊት ነው። የእነሱ ሥራ ቬንትሪክሉ ሲጨመቅ ቅጠሎቹ ወደ ላይኛው ክፍል እንዳይገለበጡ መያዝ ነው፤ ጡንቻውም አብሮ ስለሚኮማተር ክሩ ሳይላላ ይቆያል። በግራ በኩል አንድ ዋና ክር ቢበጠስ ደም ወደ ላይኛው ክፍል ይመለሳል፤ ከዚያም ወደ ሳንባ ይገፋል፤ ሰውየውም ትንፋሽ ያጥረዋል። የልብ ሕመም በትንፋሽ ማጠር የሚገለጠው ለምን እንደሆነ ክሩ በትክክል የተሠራለት ሞዴል በአንድ ጣት ጥቆማ ያስረዳል።

ከግራው ቬንትሪክል በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታ፣ እና ወደ ሳንባ በሚወስደው ደም ቅዳ ሥር ያሉት ሁለት ቫልቮች ግን ክር የላቸውም። እያንዳንዳቸው ሦስት ትንንሽ ኪሶች ናቸው፤ ደም ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ኪሶቹ ይሞሉና እርስ በርስ ገጥመው ይዘጋሉ። በአኦርታ ቫልቭ ላይ ክር የሠራ ሞዴል ካለ መመለስ ነው።

እዚያው አኦርታው ላይ ሳሉ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ከኪሶቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለት ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው፤ ልብ ራሱን የሚመግብባቸው የቀኝና የግራ ኮሮናሪ ደም ቅዳዎች የሚነሱት ከእነሱ ነው። ቀጭን የጥርስ መጎርጎሪያ ይዞ መሞከር ይቻላል፤ በጥሩ ሞዴል ጫፉ ይገባል። በብዙዎቹ ግን ኮሮናሪዎቹ ከየት እንደተነሱ ሳይታወቅ በልቡ ውጫዊ ገጽ ላይ እንደ ቀይ ገመድ ተዘርግተዋል። ተማሪ ይህን አይቶ «ልብ በውስጡ ከሚያልፈው ደም ይመገባል» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። የግራው ቬንትሪክል ጡንቻ ዋናውን ምግቡን የሚያገኘው በሁለት ምቶች መካከል ሲላላ ነው፤ ሲጨመቅ በውስጡ ያሉትን ቧንቧዎች ራሱ ይጫናቸዋል። ልብ በጣም ሲፈጥን የሚያጥረው ይህ የእረፍት ጊዜ ነው።

ስለ ቀለሙ ባጭሩ፦ ቀይ ኦክስጅን የያዘ ደም፣ ሰማያዊ ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም ማለት ነው እንጂ ደም ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ሰማያዊ፣ ከሳንባ ወደ ግራው የላይኛ ክፍል የሚመለሱት አራት ደም መልሶች ቀይ መሆን አለባቸው። «ደም ቅዳ ሁሉ ቀይ ነው» ብሎ የቀባ አምራች ልቡን ሳያውቀው ሠርቷል፤ ሌላው ክፍሉም አያስተማምንም።

ጥሩ በሚባለውም ሞዴል የማይቀር ችግር አቋቋሙ ነው። ሞዴሉ መቆሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሰው ልብ ግን በደረት ውስጥ ተጋድሞ ጫፉ ወደ ግራ፣ ወደ ታችና ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ከፊት የሚታየው በአብዛኛው የቀኙ ቬንትሪክል ነው፤ የግራው የላይኛ ክፍል ከኋላ ተደብቋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሞዴሉን ከመቆሚያው አውርዶ፣ በራስ ደረት ላይ አስደግፎ፣ ጫፉን ወደ ግራ ጡት ማዞር። ያን ጊዜ የግራና የቀኝ ግራ መጋባትም አብሮ ይጠፋል፤ የሞዴሉ ግራ የባለቤቱ ግራ ነውና።

ሁለቱን ወገኖች የሚለየው የመሃል ግድግዳ በዚህ ሞዴል ላይ ከሁሉ አምሮ የሚታይ ክፍል ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ጌለን ደም በዚህ ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል ብሎ ነበር፤ ሐሳቡም ከሺህ ዓመት በላይ ቆየ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓረባዊው ሐኪም ኢብን አን-ነፊስ ግድግዳው ድፍን እንደሆነና ደም በሳንባ በኩል እንደሚዞር ጻፈ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 የደምን ሙሉ ዑደት አሳተመ። ግድግዳውን በጣት ጨብጦ ይህን ታሪክ መስማት ደስ ይላል። ከላይ፣ በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል፣ ከቀኝ በኩል ሲታይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት መኖር አለበት፤ ጽንሱ ማኅፀን ውስጥ ሳለ ደም ያልፍበት የነበረው ቀዳዳ የተዘጋበት ቦታ ነው። ብዙ አምራቾች ይዘሉታል።

የልብን ምት የሚያስነሳው ቦታ ሞዴሉ ላይ አይታይም። ነገር ግን የላይኛው ትልቅ ደም መልስ ወደ ቀኙ የላይኛ ክፍል ከሚገባበት ጥግ ላይ በቀላሉ የሚነሳ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ ማሳየት ይቻላል። በእስክሪብቶ ግን አይነካ፤ ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ አይለቅም። አልኮልም የሞዴሉን ቀለም ያነሳል፤ ለብ ያለ ውኃና ቀላል ሳሙና ይበቃል።

መጀመሪያ የሚሰበሩት የአኦርታው ቅስት ላይ ያሉት ሦስት ቅርንጫፎችና ክሮቹ ናቸው፤ የቅስቱ ስብራት የሚመጣው ሞዴሉን በአኦርታው አንጠልጥሎ ከማንሳት ነው። ከታች፣ በሁለት እጅ ይያዝ። ከ30 በላይ ተማሪ ላለበት ክፍል በተፈጥሮ መጠን የተሠራው ከኋላ ወንበር አይታይም፤ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የጎላው ይሻላል። ክፍሎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ትርጉም የሚኖራቸው አብሮ በሚመጣው ካርድ ነውና ካርዱ በመጀመሪያው ቀን ፎቶ ኮፒ ይደረግ። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው ካለ ደግሞ ማግኔቱ ያለበትን ቁራጭ ከደረቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አርቆ ይያዝ፤ ከላይ የተባለውን በደረት ላይ የማስደገፍ ልምምድም እሱ አይሥራ።