ሆዴን ሰዓት ላስያዙልኝ ሲስተር

የድሬ ልጆች፣ አይሱዙው ከተገለበጠብኝ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እግሬ ነው። ቤት ያስቀረኝ ግን ሆዴ ነበር። ህብለ ሰረሰሬ የተጎዳው አሥረኛው የደረት አከርካሪ ላይ ነው። አንጀት መሙላቱ ወደ ላይ አይሰማኝም፤ የመያዝና የመልቀቅ ትእዛዝም ወደ ታች አይወርድም። አራት ቀን ይደርቅና በአምስተኛው ሳይናገር ይመጣል። አንድ ቀን ከዚራ ስንደርስ ባጃጅ ውስጥ መጣ። የባጃጁ ልጅ ቃል አልወጣውም፤ እኔ ግን ስምንት ወር ከግቢ አልወጣሁም። አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) የሚያስቀምጥ ሽሮፕ ደጋግሞ ሰጠኝ፤ ባሰብኝ።

ሳቢያን አካባቢ ቤት ለቤት የሚሠሩትን ሲስተር ጎረቤቴ አመጣችልኝ። መጀመሪያ ያዘዙልኝ ደብተር ነው፤ የበላሁትን፣ የጠጣሁትንና የተጸዳዳሁበትን ሰዓት ሁለት ሳምንት መዘገብኩ። ከዚያ ሰዓት አስያዙኝ። በየሁለት ቀኑ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁርስና ትኩስ ሆጃ። ምግብ ሲገባ አንጀት ይንቀሳቀሳልና ከግማሽ ሰዓት በኋላ በፊንጢጣ የሚገባው መድኃኒት። ቀጥሎ ጓንት፣ ቅባት፣ አንድ ጣት በቀስታ እያዞሩ ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አርፎ መድገም። ያሳፍራል። ሲስተር ግን ጎማ መቀየር የሚያስተምሩ ይመስል አሳዩኝ፤ ዛሬ ማንንም አላስቸግርም። መሀሉ ክፍት የሆነ ወንበርም ብየዳ ቤት አሠሩልኝ፤ የማይሰማኝ ገላ እንዳይቆስል ስፖንጅ አለበሱት።

ስለ ጫት አልተቆጡኝም። «ሆድ ያደርቃል፤ ደብተርህን እየው» ብቻ አሉኝ። አየሁት። እውነቱን ለመናገር በርጫውን ጨርሼ አልተውኩም፤ በሳምንት አንድ ቀን ሆኗል፣ እርሱም ከብዙ ውሃ ጋር።

የእኔን ልክ ግን እንዳለ አትውሰዱ። ጉዳቱ የወገብ አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አንጀቱ ለጣትም ለመድኃኒቱም ላይመልስ ይችላል፤ አሠራሩ ሌላ ነው። ስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ደግሞ በመሀል ራሱን ከወቀረውና ካላበው ወዲያው ማቆም፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ካልተወውም ሐኪም ቤት መሮጥ አለበት፤ የደም ግፊቱ አደገኛ ደረጃ ይደርሳልና።

ባለፈው ቅዳሜ መጋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ተመለስኩ። ያመላለሰኝ ያው የባጃጅ ልጅ ነው። የሲስተርን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሑድ አይሠሩም።