ትልልቅ ሲክሊድ ዓሦችን ለማራባት፦ ጫጩቶችን ማሳደግ ወይስ የደረሱትን ማገናኘት?

ኦስካር የተባለውን ዓሣ የመሰሉ ትልልቅ ሲክሊዶች አጋራቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ስለዚህ ስድስት ያህል ጫጩቶችን በሰፊ የመስታወት ገንዳ አብሮ ማሳደግ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለቱ ተጣምረው እንቁላል የሚጥሉበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ማጽዳትና ሌሎቹን ማባረር ሲጀምሩ የቀሩትን ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ነው። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ ኦስካር ለመራባት ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

የደረሱ ወንድና ሴት ማገናኘት ፈጣን ነው፤ ጠቡ ግን ከባድ ነው፤ ወንዱ ሴቲቱን እስከ መግደል ይደርሳል። በዚያ ላይ የኦስካር ጾታ በመልክ ስለማይለይ «ጥንድ» ተብለው የተሸጡት አንዳንዴ ሁለቱም ሴቶች ሆነው ይገኛሉ፤ እንቁላል ይጥላሉ፣ አንድም አይፈለፈልም! ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ቢያንስ ገንዳውን ቀዳዳ ባለው መከለያ ለሁለት ይክፈለው፤ እየተያዩ ይላመዱ።

የውኃው ጉዳይ ለሁለቱም አንድ ነው፦ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከፊሉም ቶሎ ቶሎ የሚቀየር።