በወሎ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ማኅደር የሚስማማው የማውረድ ቆጠራ የትኛው ነው? የአምስት አማራጮች ንጽጽር

ስለ ሐይቅ ውኃ መለወጥ፣ ስለ ደሴ ዙሪያ የመሬት መንሸራተት፣ ስለ ቦርከና ወንዝ ብክለት ወይም ስለ ወሎ መንዙማ የሚሠራ ጥናት ከማንም በፊት ሊጠቅም የሚገባው የወሎን ሰው ነው፤ የሚጠቅመው ግን ተፈልጎ ሲገኝና ሲነበብ ብቻ ነው። የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የምርምር ውጤቶች በብሔራዊው ዲጂታል ማኅደር፣ ተቋሙ የራሱ ማኅደር ካለውም በዚያ ጭምር እንዲቀመጡ ይጠይቃል። የተቀመጠው ሥራ ምን ያህል እንደ ተነበበ፣ ከየት እንደ ተፈለገና የትኛው ማንም ሳያየው እንደ ቀረ ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው በወሎ፣ በወልድያና በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲዎች ሪፖዚተሪ (የዲጂታል ምርምር ማኅደር) ለሚያስተዳድሩ ወይም ለመትከል ለሚያስቡ የቤተ መጻሕፍትና የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ግዥውን ለሚፈቅዱ ኃላፊዎች ነው።

አንባቢው በየት በኩል ይገባል?

ምርጫውን ሊወስን የሚገባው የሪፖርቱ ውበት ሳይሆን የሚከተለው ጉዳይ ነው። ብዙ የጥናት አንባቢ የማኅደሩን የፊት ገጽ አያየውም፤ ርእሱን በጉግል ወይም በጉግል ስኮላር ፈልጎ በቀጥታ ፒዲኤፉን ይከፍታል። ከገጹ ጋር በሚጫን ጃቫስክሪፕት (በአንባቢው ብራውዘር ውስጥ በሚሠራ ኮድ) የሚቆጥር መሣሪያ ደግሞ የሚሠራው ገጹ ሲከፈት በመሆኑ፣ ፋይሉን በቀጥታ የከፈተው አንባቢ ሳይቆጠር ያልፋል። በሰርቨሩ በኩል የሚቆጥር መሣሪያ በአንጻሩ ፋይሉ በወጣ ቁጥር ይመዘግባል፤ የእሱ ድክመት የፍለጋ ሞተሮችንና የልዩ ልዩ ሮቦቶችን ጉብኝት ከሰው ጋር ደባልቆ መቁጠሩ ነው። ከሁለቱ ስሕተቶች የሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የበዛውን መዝገብ በኋላ ማጥራት ሲቻል፣ ያልተመዘገበውን ግን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ዲስፔስ ከራሱ ጋር የሚያመጣው ቆጠራ

እ.ኤ.አ. በ2002 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በኤችፒ ትብብር የወጣው ዲስፔስ በነፃ የሚገኝ የምርምር ማኅደር ሶፍትዌር ሲሆን፣ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የታወቀ ነው። የራሱ ቆጠራ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የገጽ ጉብኝቱን፣ የፋይል ማውረዱን፣ የወራቱን ለውጥና አንባቢዎቹ የመጡባቸውን አገሮችና ከተሞች ያሳያል። የሚቆጥረው በሰርቨር በኩል ስለሆነ ከጉግል ስኮላር በቀጥታ የመጣውን አንባቢ አያጣውም። ተጨማሪ ክፍያ የለውም፣ መረጃውም ከግቢው አይወጣም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በትክክል ሲዋቀር ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ የአይሲቲ ክፍሉን ጊዜ መግዛት ከማንኛውም ሶፍትዌር ግዥ ይበልጣል። ዲስፔስ እንደ ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቺ ባለ ፕሮክሲ ሰርቨር (የአንባቢውን ጥያቄ ተቀብሎ በሚያስተላልፍ) ጀርባ ሲቀመጥ እውነተኛው የአንባቢ አይፒ አድራሻ እንዲተላለፍለት ካልተደረገ፣ ጉብኝቱ ሁሉ ከአንድ ኮምፒዩተር የመጣ መስሎ ይመዘገባል። የአገርና የከተማ ዝርዝሩ እንደ ማክስማይንድ ያለ ኩባንያ የሚያዘጋጀውን የአድራሻ ዳታቤዝ ስለሚፈልግ፣ ይህ ካልተጫነ ያ ክፍል ባዶ ይሆናል። የከተማውም ቁጥር በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል፤ ደሴ ተቀምጦ ያነበበ ሰው የኔትወርኩ አድራሻ በተመዘገበበት ከተማ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ ሊቆጠር ይችላል። የሮቦቶች ዝርዝርም በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የቀደመውን መዝገብ በአዲሱ ዝርዝር መልሶ ማጥራት የሚያስችል ትእዛዝ በዲስፔስ ውስጥ አለ።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው መጠባበቂያ ቅጂው ነው። የዲስፔስ የማውረድ መዝገብ የሚቀመጠው ከዋናው ዳታቤዝና ከፋይሎቹ ተለይቶ ሶልር በተባለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዳታቤዙንና ፋይሎቹን ብቻ የሚቀዳ ተቋም ሰርቨሩ ሲጠፋ ሥራዎቹን ቢያድንም የዓመታት የአንባቢ ታሪክ ያጣል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች የደረሰባቸው ዘረፋና ውድመት ይህንን ሥጋት ለወሎ ሰው ማስረዳት የማያስፈልግ አድርጎታል። የሶልሩ መዝገብ በየወሩ ወደ ፋይል ተልኮ ቅጂው ከግቢው ውጭ፣ የሚቻል ከሆነ ከከተማው ውጭ፣ ሊቀመጥ ይገባል።

ጉግል አናሊቲክስ 4

ይህ የጉግል የድረ ገጽ ጉብኝት ቆጣሪ በነፃ ይገኛል፣ ሪፖርቱ ያማረ ነው፣ ብዙ ባለሙያም ያውቀዋል። አሮጌው ትውልድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ አዲስ መረጃ መቀበል ስላቆመ፣ የድሮው ኮድ በገጻቸው ላይ የቀረ ማኅደሮች ከዚያ ወዲህ ምንም አይቆጥሩም፤ ይህን ዛሬውኑ ማጣራት ተገቢ ነው። አዲሱ የፋይል ማውረድን በራሱ ለመቁጠር የሚሞክረው ሊንኩ በፒዲኤፍና በመሳሰሉት ቅጥያዎች ሲያልቅ ነው። የዲስፔስ 7 የፋይል ሊንክ ግን እንዲህ ያለ ቅጥያ ስለሌለው ያመልጠዋል። የኋለኞቹ የዲስፔስ 7 እትሞች ማውረዱን ከሰርቨር በኩል ወደ ጉግል መላክ ቢችሉም፣ ለዚህ የሚያስፈልገው የምስጢር ቁልፍ መዋቀሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዝርዝር ትንተና የሚሠራበት መረጃም በነፃው አገልግሎት ከ14 ወራት በላይ አይቆይም፤ ሳይነካ ከተተወ የሚቆየው 2 ወር ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ከተቀመጠ ከዓመታት በኋላም ስለሚነበብ ይህ ለማኅደር ትልቅ ጉድለት ነው። የፊት ገጹ አጠቃቀም እንዴት እንደሆነ ለማየት ይበቃል፤ የማውረድ ቁጥርን ለሴኔት ለማቅረብ ግን አልመክረውም።

ማቶሞ

ቀድሞ ፒዊክ ይባል የነበረው ማቶሞ የተባለው የጉብኝት ቆጣሪ በራስ ሰርቨር ላይ በነፃ ይተከላል፤ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ከሆነ ይከፈልበታል። ከጉግል የሚሻለው መረጃው በተቋሙ እጅ መቅረቱ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የአንባቢዎችን አድራሻ ማን ይዞታል የሚለው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲውን ይመለከተዋል። ማቶሞ አድራሻውን ከፊሉን ሸፍኖ መመዝገብ ይችላል። በገጽ ኮድ ብቻ ሳይሆን የዌብ ሰርቨሩን ሎግ (የጉብኝት መዝገብ) አንብቦም ስለሚቆጥር ቀጥተኛ አንባቢዎችን ያገኛል፤ ያለ ቅጥያ የሚመጣውን የዲስፔስ 7 ሊንክ እንደ ማውረድ እንዲቆጥር ግን ሊነገረው ይገባል። ሌላ ሰርቨር፣ ሌላ ዳታቤዝና ሌላ የሚያድስ ሰው ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ዋናውን ድረ ገጽ፣ የጆርናል ገጹንና ማኅደሩን በአንድ ሪፖርት ማየት ከፈለገ ድካሙ ዋጋ አለው፤ ማኅደሩን ብቻ ለመቁጠር ከሆነ የዲስፔስ ቆጠራ ይበቃል።

የጉግል ሰርች ኮንሶል

ይህ የማውረድ ቆጠራ አይደለም፤ ሆኖም ሥራን ለማስተዋወቅ ከአምስቱ የሚጠቅመው ይህ ነው። አንባቢው በጉግል ምን ብሎ እንደ ፈለገ፣ የማኅደሩ ሊንክ ስንት ጊዜ እንደ ታየና ስንት ጊዜ እንደ ተነካ በየገጹና በየፋይሉ ያሳያል፤ ከጉግል ስኮላር የሚመጣውን ግን አይጨምርም። መረጃው የሚቆየው 16 ወር ነው፤ ከገጹ በአንድ ጊዜ ማውረድ የሚቻለውም 1,000 መስመር ብቻ ስለሆነ በየወሩ እየላኩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ክፍያ የለውም፤ የሚጠይቀው የድረ ገጹን ባለቤትነት ማረጋገጥ ብቻ ነው።

ዲጂታል ኮመንስ

ቢፕሬስ የሠራውና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኤልሰቪየር ባለቤትነት ሥር ያለው ዲጂታል ኮመንስ በየዓመቱ የሚከፈልበት የምርምር ማኅደር አገልግሎት ነው። ሰርቨር መጠበቅ የለም፤ ሮቦት ማጥራቱንም ኩባንያው ይሠራል። ለእያንዳንዱ ደራሲ ሥራው ስንት ጊዜ እንደ ወረደ በየወሩ ኢሜይል ይልካል፣ በዓለም ካርታ ላይም ያሳያል። የደራሲ ኢሜይሉ ከሁሉ የሚያስቀናኝ አሠራር ነው፤ ጽሑፉ በማያውቀው አገር እንደ ተነበበ የሰማ መምህር የሚቀጥለውን ሥራውን ያለ ጉትጎታ ያስገባል። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በዶላር ያልተለወጠ ዋጋ በብር እጅግ ይጨምራል። በጀት በተቆረጠበት ዓመት ማኅደሩ ምን እንደሚሆን በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ መፈረም የለበትም። ለእኛ ዩኒቨርሲቲዎች አልመርጠውም፤ ወርሃዊውን ኢሜይል ግን ከዲስፔስ መዝገብ ተነሥቶ በቀላል ፕሮግራም ማዘጋጀት ይቻላል።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ

ሻጩ ወይም ባለሙያው ቁጥር ሲያቀርብ በምን ደንብ እንደ ቆጠረ መጠየቅ ይገባል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው ደንብ ካውንተር ይባላል። በዚህ ደንብ አንድ ሰው አንድን ፋይል በ30 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ ቢነካ አንድ ይቆጠራል፣ የታወቁ ሮቦቶችም ይወጣሉ። ዲስፔስ ግን እያንዳንዱን ማውረድ ለየብቻ ስለሚመዘግብ የሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ስሕተት ነው።

የእኛን አካባቢ የሚመለከት ሌላም ችግር አለ። በካውንተር ደንብ ልዩ አንባቢን (ስንት ጊዜ ቢመጣም አንዴ የሚቆጠረውን ሰው) የሚለይ ኩኪ (በብራውዘሩ ውስጥ የሚቀመጥ መለያ) ወይም የመግቢያ ስም ከሌለ፣ ሰውየው የሚለየው በአይፒ አድራሻውና በብራውዘሩ ዓይነት ነው። በግቢ ውስጥ ግን መቶ ተማሪዎች በአንድ የውጭ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ ብራውዘር፣ ይወጣሉ። መምህሩ ያዘዘውን አንድ ጥናት በቤተ ሙከራ ተቀምጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያወርዱ በልዩ አንባቢ ቆጠራ እንደ አንድ ሰው ሊታዩ ይችላሉ። በመሆኑም የልዩ አንባቢ ቁጥር የራሳችንን ተማሪ ያሳንሳል፤ ለውጭ አንባቢ ግን የተሻለ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የታየ የአገር ውስጥ አንባቢ መቀነስም ሥራዎቹ ተፈላጊነት አጡ ማለት አይደለም፤ ዓመታዊ ሪፖርት ሲቀርብ ከግራፉ ሥር ይህ መጻፍ አለበት።

ቁጥሩን ለማስተዋወቅ መጠቀም

የእኔ ምርጫ የዲስፔስን ቆጠራ በደንብ አዋቅሮ ሰርች ኮንሶልን አብሮ ማስኬድ ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ሥራው የት እንደ ቆመ ይታወቃል። በሰርች ኮንሶል ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተነካ ጥናት ብዙውን ጊዜ ርእሱ ወይም መግለጫው ደካማ ነው፤ ይህን ሜታዳታውን (ርእሱንና መግለጫውን የያዘውን መረጃ) በማረም ማሻሻል ይቻላል። ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፉ የተቃኘ ምስል ብቻ መሆኑን ማጣራት ይገባል፤ በውስጡ የሚፈለግ ጽሑፍ የሌለው ፋይል በቀላሉ አይገኝም። በእንግሊዝኛ ለተጻፈ መመረቂያ ጽሑፍ የአማርኛ አጠቃሎና ቁልፍ ቃላት መጨመር ለግብርና ባለሙያውና ለወረዳ ጤና ሠራተኛው በር ይከፍታል። የቦታ ስሞችም በሰው ዘንድ በሚጻፉባቸው መልኮች ሁሉ መግባት አለባቸው፤ ወልድያና ወልዲያ፣ ሐይቅና ሃይቅ እየተባለ ይፈለጋል፣ በላቲን ፊደል ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል።

ብዙ የወረዱትን ጥናቶች በየሩብ ዓመቱ ለይቶ ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መላክም ቁጥሩ የሚያስገኘው ሌላ ጥቅም ነው፤ የመሬት መንሸራተት ጥናት ለከተማው አስተዳደር፣ የውኃ ጥናት ለዞኑ ውኃ ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። ይህን ዝርዝር ሲያዘጋጁ የጠቅላላ ማውረድ ቁጥር ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይገባም፤ በብዙ ሺህ ተማሪ የሚፈለግ ርእስና በጥቂት ባለሙያ ብቻ የሚነበብ የዐጀም (የአገር ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል) ጽሑፍ ጥናት በአንድ ሚዛን አይለኩም። ስለዚህ ሪፖርቱ በትምህርት ክፍል ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ሥራ ከራሱ የትምህርት ክፍል አማካይ ጋር ተነጻጽሮ ሊቀርብ ይገባል፤ የዲስፔስ ማኅበረሰቦችና ስብስቦች (ሥራዎች የሚመደቡባቸው ክፍሎች) ከመጀመሪያው በትምህርት ክፍል ከተደራጁ ደግሞ ይህን ሪፖርት ማውጣት ቀላል ይሆናል።