ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ ለአጭር ፊልም ፌስቲቫል፦ ነጻ ነው፣ ግን ጆሮ ይፈልጋል

ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ ተራ የቪዲዮ ፋይልን ሲኒማ ቤት ወደሚቀበለው የዲጂታል ፊልም ጥቅል፣ ወደ ዲሲፒ፣ የሚቀይር፣ በነጻ የሚወርድ ፕሮግራም ነው። የጻፈው ካርል ሄዘሪንግተን ሲሆን በዊንዶውስም በማክም በሊነክስም ይሠራል። በትንሽ ከተማ ዓለም አቀፍ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል ለሚያዘጋጅ ቡድን በዚህ ዋጋ፣ ማለትም በምንም፣ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። ይሁንና ፕሮግራሙ ፊልሙን ይቀይራል እንጂ አያርመውም። ከየአገሩ የመጣውን ፊልም ሁሉ እንደመጣ አስገብቶ እንደወጣ የሚያሳይ አዘጋጅ ጉዱ የሚፈላው በመክፈቻው ምሽት ነው።

በቅድሚያ ስሌቱ። በአማካይ 12 ደቂቃ የሚረዝሙ 60 ፊልሞች 720 ደቂቃ ናቸው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ 1,036,800 ፍሬም ይወጣዋል። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ጄፔግ 2000 በሚባለው የምስል መጭመቂያ ስልት ስለሚጨመቅ ሥራው የፕሮሰሰር ጉልበት ይበላል። በሰከንድ 10 ፍሬም የሚጨርስ ላፕቶፕ ያለ እረፍት 29 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀን ቀን ፊልሞቹን እያዘጋጁ ማታ ብዙ ፊልም በተራ በሚቀይረው ባች ኮንቨርተር አሰልፎ መተኛት ነው። ሁለተኛ ኮምፒውተር ካለ በዚያው ኔትወርክ ላይ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን የኢንኮድ ሰርቨር መክፈት ብቻ በቂ ነው፤ ሥራውን ይጋራል። ቢትሬቱን፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚያዘውን የዳታ መጠን፣ እስከ ጣሪያው፣ በሰከንድ 250 ሜጋቢት፣ ማድረስ ትርፉ ዲስክ መሙላት ነው፦ በዚያ ልክ አንድ ደቂቃ 1.9 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፣ በ100 ሜጋቢት ግን 750 ሜጋባይት። አብዛኛው አጭር ፊልም በተለመደው የቪዲዮ መጭመቂያ በኤች.264 ተጨምቆ ስለሚመጣ ከ100 እስከ 150 ይበቃዋል።

ብዙ አዘጋጅ የሚወድቀው በድምፅ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ስቴሪዮ ፋይል ሲያገኝ ግራና ቀኙን በቀጥታ ወደ ግራና ቀኝ ድምፅ ማጉያ ይልካል፤ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው የመሐል ማጉያ ዝም ይላል። በቀኝ ጥግ የተቀመጠ ተመልካች ንግግሩን የሚሰማው ከተናጋሪው አፍ ሳይሆን ከአጠገቡ ካለው ማጉያ ነው። መድኃኒቱ በድምፅ ክፍሉ ያለው ሚድ-ሳይድ ዲኮደር ነው፤ በሁለቱም ቻናል እኩል ያለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩን፣ ወደ መሐል ያወጣዋል። ሙዚቃው የሚሳሳበት ፊልም ስላለ ግን ሳያዳምጡ ለሁሉም መጫን አይገባም።

የድምፁ መጠንም እንዲሁ ነው። ለኢንተርኔት የተሚክሰ ፊልም ብዙ ጊዜ በ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) አካባቢ ይመጣል፤ ለሲኒማ የተሠራው ደግሞ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። ሁለቱ ተከታትለው ሲታዩ ፕሮጀክሽን ክፍል ያለው ሰው እጁን ከድምፅ መቆጣጠሪያው ማንሳት አይችልም። የፕሮግራሙ የድምፅ ግራፍ የእያንዳንዱን ፊልም አማካይ መጠን በሉፍስ ያሳያል። አንድ መነሻ፣ ለምሳሌ -23፣ መርጦ ከዚያ ከ3 በላይ የራቀውን በጌይን (ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ በሚያደርገው ቁጥር) ማስተካከል፣ ከዚያም የአዳራሹን ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ይሻላል። ሆን ተብሎ ጸጥ እንዲል የተሠራ ፊልም ግን አይነካም፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ሳይሆን ጆሮ ይፈርዳል።

የፍሬም ፍጥነት ሌላው ወጥመድ ነው። በ23.976 የተሠራ ፊልም በ24 ቢሄድ ማንም አይለየውም። የ25ቱ ፊልም በአዲሱ የዲሲፒ ደረጃ፣ በኤስኤምፒቲኢ፣ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ዲሲፒውን የሚያጫውተው የሲኒማ ቤቱ ሰርቨር አሮጌ ሆኖ የቀድሞውን ደረጃ፣ ኢንተሮፕን፣ በ24 ብቻ የሚቀበል ከሆነ ግን የ10 ደቂቃው ፊልም 10 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ይሆናል። የ30 ፍሬሙ ነው አስቸጋሪው። ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ 30ን ወደ 24 ለማውረድ ፍሬም እየመረጠ አይጥልም፤ ፊልሙን በ80 በመቶ ፍጥነት ያስኬደዋል። ሰርቨሩ 30 የማይቀበል ከሆነ ፊልም ሠሪው ራሱ ወደ 24 ቀይሮ እንዲልክ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ፊልሞቹ በተመረጡ ሳምንት መላክ አለበት፤ ዘግይቶ ሲጠየቅ ፕሮጀክቱን ከኮምፒውተሩ ያጠፋ ፊልም ሠሪ አይጠፋም።

በምስል በኩል ሥራው ቀላል ነው። ለሁሉም ፊልም ፍላት የሚባለውን የምስል ቅርጽ፣ ማለትም 1998 በ1080 ፒክስል፣ መምረጥ ፕሮጀክሽኒስቱን በየፊልሙ ሌንስ ከመቀያየር ያድነዋል። 1920 በ1080 የሆነው ፊልም በግራና በቀኝ 39 ፒክስል ጥቁር ይተርፈዋል፤ ማንም አያየውምና ይተው። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰከንድ ባዶ መተው ግን ይጠቅማል፤ የፊልሙን ፖዚሽን (የሚጀምርበትን ቦታ) ከዜሮ ወደ ሁለት ሰከንድ መግፋት ብቻ ነው።

ለሰብታይትል ፕሮግራሙ ያለው፣ ችግሮችን የሚጠቁመው የሂንትስ መስኮት ሊመሰገን ይገባዋል። ከ52 ፊደል የረዘመ መስመር፣ ከሦስት መስመር የበለጠ ጽሑፍ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሰከንዶች ውስጥ የሚወጣ ጽሑፍ ካለ ይጠቁማል። ከ640 ኪሎባይት በላይ የሆነ ፎንትም ያስጠነቅቃል፤ ትልቅ ፎንት ሰርቨር ያደናቅፋል። ከላቲን ውጭ ለሆነ ጽሑፍ፣ ለግዕዝ ፊደልም ጭምር፣ ያንን ፊደል የያዘ ፎንት በእጅ መምረጥ ግድ ነው፤ አለዚያ ስክሪኑ ላይ የሚደረደረው ባዶ ሳጥን ነው። አሁንም ካስጨነቀ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ይቻላል።

ሁሉንም ፊልም በአንድ ዲሲፒ ማጠቃለል የሚያጓጓ ስህተት ነው። አንድ ዲሲፒ አንድ የፍሬም ፍጥነት ብቻ ስለሚይዝ የሌሎቹ ፍጥነት ይዛባል፤ አንድ ፊልም ከወጣ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይሠራል። ለየፊልሙ አንድ ዲሲፒ ይሠራ፣ ርዕሱም በላቲን ፊደል የዝግጅቱንና የተራውን ቁጥር አስቀድሞ ይጻፍ፤ ሰርቨሩ ረጅም ስም ሲቆርጥ የሚተርፈው መጀመሪያው ነው። ምስጠራ ለአጭር ፊልም ጣጣ እንጂ ጥቅም የለውም፦ ቁልፉ ለአንድ ሰርቨርና ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ አዳራሽ ከተቀየረ ፊልሙ አይከፈትም።

ድክመቱስ? መስኮቶቹ በአማራጭ የተጨናነቁ ናቸው፤ ለጀማሪ ያደክማሉ። ዲሲፒውን ዲስክ ላይ የሚጽፈው ዲስክ ራይተር ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ የትኛውን ዲስክ እንደመረጡ ሁለቴ ማየት ያሻል። አብሮት የሚመጣው ማጫወቻ ደከም ባለ ላፕቶፕ ላይ ይንተፋተፋል፤ ሰርቨር የሌለው አዳራሽ ከሆነ ምስሉን በግማሽ ጥራት እንዲፈታ ማዘዝ ወይም ከዚያው ፕሮጀክት ኤች.264 ፋይል ማውጣት ይሻላል፤ የተስተካከለው ድምፅ አብሮ ይወጣል።

ማጫወቻው ላይ ያለፈ ዲሲፒ ሰርቨሩ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ ስድሳውን ከመሥራት በፊት አንድ የ25 ፍሬም፣ አንድ የ30 ፍሬም፣ አንድ ሰብታይትል ያለው ፊልም ብቻ ሠርቶ፣ ስህተት በሚፈትሸው ቬሪፋየር አሳልፎ፣ ሲኒማ ቤቱ ድረስ ወስዶ ማስጫን ነው።