እጁ ይባረክ! የቡና ማሽን የተበላሸባችሁ ይህን ልጅ ፈልጉት

ይህን የምጽፈው ማንም ከፍሎኝ አይደለም። ልጁ ዘመዴም ጎረቤቴም አይደለም። እንዲያውም ልጽፍልህ ነው ስለው «ተይ እህቴ፣ ሰው ይበዛና መፈናፈኛ አጣለሁ» ብሎኛል። እኔ ግን አላስችል አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ሊያሠራ የወጣ ሰው ምን እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለ ባለሙያ አግኝቶ ዝም ማለት ንፉግነት ነው።

ነገሩ የቡና ማሽን ነው። ካፌ ውስጥ የምታዩት ትልቁ አይደለም። አንድ ሲኒ፣ አንድ ሲኒ እያደረገ የሚያወጣው ትንሹ፤ ካፕሱል የሚባለውን የሚጎርሰው። ውሃ መሙላት፣ ካፕሱሉን መክተት፣ እጀታውን ወደ ታች መጫን፣ ቁልፉን መንካት፣ አለቀ። እህቴ ከጣሊያን ለአባዬ የላከችለት ነው።

«ቡና በበቀለበት አገር በማሽን?» የምትሉ አትጠፉም። ቆዩ፣ እመጣበታለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑ ድምፅ ብቻ ሆነ። ይንጫጫል፤ ውሃ ግን ጠብ አይልም። በፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ፤ መከራዬም ያኔ ጀመረ።

የመጀመሪያው ቤት መስታወት በመስታወት ነው። ልጁ እንኳን ሊከፍተው ሶኬት ላይ እንኳ ሳይሰካው «ቦርዱ ሄዷል» አለኝ። ቦርዱ፣ ማለትም የማሽኑ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ ከዱባይ ይመጣል፣ ግማሹን አሁን ክፈይ። የጠራልኝ ዋጋ ትንሽ ቢጨመርበት አዲስ ማሽን ይገዛል። «ሳትከፍተው በምን አወቅክ?» ስለው «በልምድ ነዋ» አለ። በልምድ!

ሁለተኛው ቤት ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። መቀበሉንማ ተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ «ነገ ነይ» ሆነ። ነገ ስሄድ «ዕቃ እየጠበቅን ነው»። ስደውል አይነሳም፤ ሲነሳም «መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ»። ሳምንቱ ወር ሆነ። ተጣልቼ አስመለስኩት። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው፣ ታክሲው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር የማሽኑ ሆድ ይንኳኳል። ቤት ገብቼ ገልብጬ ሳየው ከታች ካሉት ብሎኖች ግማሾቹ የሉም። ይህንንም ይዘው «የምርመራ» ብለው ብር ተቀብለውኛል። ለየትኛው ምርመራ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሦስተኛው ሰውዬ ማሽኑን አየ፣ ጓደኛውን አየ፣ ተሳሳቁ። «ለምን ጀበና አትገዙም?» አለኝ። ያን ዕለት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ።

ጀበና አለን። እማዬ በሕይወት ሳለች ቤታችን ቡና ተቋርጦ አያውቅም። አባዬ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጡረታ የወጣው ከለገሃር ነው። እሁድ ከሰዓት የሥራ ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ እማዬ ታፈላለች፣ እነሱ አንዴ ድሬዳዋ አንዴ አዋሽ እያሉ በወሬ ሐዲዱን ይጨርሱታል። እማዬ ካረፈች ብዙም ሳይቆይ አባዬን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ። እኔ ሥራ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ። ከሰል ማያያዝ፣ መቁላት፣ መውቀጥ ደግሞ በአንድ እጅ የሚሆን ነገር አይደለም።

እህቴ ማሽኑን ስትልክ አባዬ ራሱ ስቆበት ነበር። ኋላ ግን ለመደው። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ቀርቦለት እንጂ አፍልቶ የማያውቅ ሰው፣ በስተርጅና በግራ እጁ ለእንግዳ ቡና ማቅረብ ጀመረ! ካፕሱሉም የሚጣለው ዓይነት ብቻ አይደለም። እህቴ ተከፍቶ የሚሞላ ብረት ካፕሱል ልካልናለች፤ የራሳችንን ይርጋጨፌ አስፈጭተን እንሞላዋለን። ማሽኑ ሲበላሽ እሁዶቹም አብረው ቀሩ። ጓደኞቹ ሲደውሉ «ዛሬ እንኳ አልተመቸኝም» ይላቸዋል። ምን እንዳልተመቸው እኔና እሱ እናውቃለን።

እንግዲህ የሥራ ባልደረባዬ ናት «ፖስታ ቤት ጀርባ አንድ ልጅ አለ» ያለችኝ። ድሮ ፒያሳ ነበር አሉ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደዚህ ወረደ። ሱቁ የበሩን ስፋት ብቻ የሚያክል ጠባብ ቤት ነው። ግድግዳው ሙሉ የካፌ ማሽን ዕቃ ተሰቅሎበታል። የተሰላቸ ፊት ይዤ ገባሁና «ቦርዱ ሄዷል አሉኝ» አልኩት። «ማን አለ?» አለ። ስነግረው ስለ ማንም ክፉ አልተናገረም። ራሱን ብቻ ነቀነቀና ማሽኑን ሰካው።

ከዚያ ያደረገውን አልረሳውም። ረጅም ካቻቢቴ አነሳ። ጫፉን ማሽኑ ጎን ላይ፣ መያዣውን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። «ፖምፓው ደህና ነው» አለኝ። «ይመታል፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ። ውሃው ነው መሄጃ ያጣው።» 50ውን ከየት አመጣኸው ስለው አስረዳኝ። ፖምፓው ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ፒስቶን ከነሞላው ተቀምጧል፤ የኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በየጊዜው ፒስቶኑን ይስበዋል፣ ሞላው ይመልሰዋል። ሌላም ብዙ ነገረኝ፣ እኔ ጋ የቀረው ይህ ነው።

ሲከፍተው ነጭ ወረቀት ዘርግቶ እያንዳንዷን ብሎን ከየት እንዳወጣት በእርሳስ እየጻፈ አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉ ጉድ በኋላ እሱን ሳይ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። የሚንኳኳውን ነገርም አገኘው፤ ሳይታሰር የተተወ ብሎን ነበር። የጎደሉትን ከራሱ ጣሳ መርጦ አሟላልኝ።

ዋናው ጣጣ የተገኘው ካፕሱሉ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። እጀታው ሲጫን ትንንሽ መርፌዎች ካፕሱሉን ከኋላ ይበሱታል፣ ሙቅ ውሃ በኃይል ይገባበታል፣ የፊት ሽፋኑ ጉብጉብ ያለች ሳህን ላይ ተገፍቶ ይቀደድና ቡናው ይወርዳል። መርፌዎቹም ከፖምፓው ቀጥሎ ያለችው ቫልቭም በኖራ ተደፍነዋል። ወረቀት ላይ መታ መታ ሲያደርጋቸው ነጭ ቅርፊት ረገፈ። «ውሃው ነው እንጂ ማንም አላበላሸውም» አለኝ። ለገዳዲም ጠጣችሁ ገፈርሳ፣ ማዕድን የሌለው ውሃ የለም፤ ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣው የሚደርሳችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ ነው ያለው። ቦርዱ? ምንም አልሆነም!

በሎሚ አሲድ (ሲትሪክ አሲድ በሚባለው) እያጠበው ወሬ ቀጠልን። ካርቶኑ ላይ 15 ባር፣ 19 ባር የሚለውን አትዩ፣ ባር የግፊት መለኪያ ነው፣ ያ የፖምፓው አቅም ነው፣ ኤስፕሬሶ ለማውጣት የሚያስፈልገው 9 ገደማ ነው አለኝ። ካፕሱሉን ያመጣው ኤሪክ ፋቭር የሚባል የኔስሌ መሐንዲስ እንደሆነም ከሱ ነው የሰማሁት። ቤት ገብቼ ሳነብ እውነቱን ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው ሰው ፓተንት ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፣ ገበያ ላይ የዋለው ደግሞ በ1986። አንድ ጥገና ቤት ቁጭ ብዬ ይህን እሰማለሁ ብሎ ማን ያስባል?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማሽኑ ተሠርቶ ቡና ወረደ። ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት «ማነው የሚጠቀምበት?» አለኝ። ነገርኩት። ቀኝ እጁ እንደማይሠራ፣ እጀታው ስለሚከብደው በደረቱ ተደግፎ እንደሚጫነው፣ አንዳንዴም ሳይዘጋለት ቀርቶ ውሃ እንደሚፈስበት እንዲሁ በወሬ መሃል አወራሁት። ቦርሳሽን ዝጊው አለኝና «ፋዘርን በስልክ አገናኚኝ» አለ።

አባዬን አገናኘሁት። «ፋዘር፣ ማሽኑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከወገብዎ በላይ ነው ወይስ በታች? ግራ እጅዎን እስከ የት ያነሳሉ? ሲጫኑት መጀመሪያ ላይ ነው የሚከብድዎት ወይስ መጨረሻ ላይ?» ስንት ቦታ ስንከራተት አባዬን ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም። እኔም ራሴ መጀመሪያ ላይ ነው መጨረሻ ላይ ብዬ አስቤ አላውቅም። አባዬ ደግሞ ሰው ካገኘ መቼ ይለቃል! ስለ ፍሬን፣ ስለ ቫልቭ፣ ስለ ባቡር ጀመረለት። ልጁም ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው በትዕግሥት ሰማው፤ መልሶም ጠየቀው።

ስልኩን ዘግቶ አሳየኝ። እጀታው ሥር ሁለት አጫጭር ብረቶች አሉ። እንደ ጉልበት ይታጠፋሉ፤ እጀታው ሲወርድ ይዘረጋሉ፣ ቀጥ ከማለት ትንሽ አልፈው ይቆልፋሉ። ለዚህ ነው ውሃው የቱንም ያህል ቢገፋ የማይከፈተው። የሚከብደው መጨረሻው ላይ ነው፣ ካፕሱሉ ሲበሳ። አባዬም በስልክ ያለው ይህንኑ ነው። «እጀታውን ካስረዘምኩት ይቀልለታል» አለ።

ቅዳሜ ተመልሼ ስሄድ እጀታው ላይ የአልሙኒየም ቱቦ ተገጥሞ ረዝሟል። ጫፉ ላይ የብስክሌት መያዣ ጎማ አልብሶታል፣ እጅ እንዳያንሸራትት። በዚህ ብቻ አላበቃም። እጀታው ሲረዝም ማሽኑ ወደ ፊት ሊደፋ ይችላል ብሎ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አስሮበታል፤ ጣውላው ሥር ደግሞ ጎማ። እኔ ይህ በሕልሜም አይመጣልኝ! በሁለት ጣቴ ጫን አደረግኩት፣ ተዘጋ።

«ስንት ነው?» አልኩት። የነገረኝ ሒሳብ የመጀመሪያው ቤት ቅድሚያ ክፈይ ካለኝ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። ያውም የኖራ እጥበቱንና የቀየራትን ኦሪንግ (ውሃ እንዳያፈስ የምትይዘውን የጎማ ቀለበት) ብቻ ነው የጻፈው። አሮጌዋን ኦሪንግ «ያወጣሁት ይህ ነው» ብሎ በትንሽ ፌስታል ሰጠኝ። «የእጀታውስ?» ስለው «እሱ የፋዘር ነው፣ ተይው» አለኝ። አስገድጄ ልሰጠው ብል አሻፈረኝ አለ።

እሁድ ጓደኞቹ መጡ። አንደኛው ገና ሲያየው «ይሄ ቡና ማፍያ ነው ወይስ የባቡር ፍሬን?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። አባዬ መልስ አልሰጠውም። ጫነው፣ ቀዳለት፣ «ጠጣና ዝም በል» አለው። ደጋግመው ነው የጠጡት። እኔ ኩሽና ሆኜ ሲኒ ማጠብ ብቻ ነበር ሥራዬ፤ ደስ ብሎኝ አጠብኩ።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ማሽናችሁ ድምፅ ብቻ ሲሆን «ቦርድ ነው» የሚላችሁን አትመኑ። ሳይከፍት የሚፈርድ ሰው ጋ ዕቃችሁን አትተዉ። መጀመሪያ ይህ ልጅ ጋ ውሰዱት። የማይሠራ ከሆነም «አይሠራም፣ ብርሽን አታባክኚ» ይላል፤ እኔ ቁጭ ብዬ እያለሁ አንዲትን ሴትዮ እንዲያ ብሎ ሸኝቷታል፣ ሳንቲም አልተቀበላትም።

ልንገርሽ ያለኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁን ማሽን እንደመጣ አትሰኩት። የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220፤ ብዙዎቹ የሚመጡለት ተቃጥለው ነው። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ግድ የለም። የሚሞላ ካፕሱል ያላችሁ ቡናውን በጣም አታድቅቁት፣ መንገዱን ይዘጋል። በየጊዜው ደግሞ በሎሚ አሲድ እጠቡት፣ ከዚያም ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አሳልፉበት።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እጅህ ይባረክ። አባዬ ሰላም ብሎሃል። አንድ እሁድ ብቅ በል ብሏል፣ የምሩን ነው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ቃል አስገብቶኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እልካለሁ። ከፖስታ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ጠዋት ጠዋት ካፌዎች ዘንድ እየዞረ ይሠራል፤ ሱቁ የምታገኙት ከምሳ በኋላ ነው። ስትሄዱ የማሽኑን ውሃ ደፍታችሁ ሂዱ፣ ካፕሱልም አንድ ሁለት ያዙ፤ ሳይሞክረው አይሰጣችሁም።