ጌምፓድ፣ ባለመጠምዘዣ ጆይስቲክ ወይስ ሙሉ ስብስብ? ለሄሊኮፕተር ሲሙሌተር የቱን እንግዛ

ሀዋሳ ውስጥ የሄሊኮፕተር ሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ሄሊኮፕተር የሚበርበት ጨዋታ) የጀመረ ልጅ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዕቃ ነው። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ከአሞራ ገደል ተነስተህ፣ ሐይቁን ዳር ዳር ይዘህ፣ ከፍታህም ፍጥነትህም አቅጣጫህም ሳይዛነፍ አምስት ደቂቃ ትበራለህ? ብዙዎቹ አይችሉም። ሁልጊዜ የእጃቸው ጥፋት ግን አይደለም።

ሄሊኮፕተር እንደ አውሮፕላን ሲለቁት ራሱን አያቀናም። አፍንጫው ትንሽ ከደፋ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከፍታው ይወርዳል። ልታርሙት ዱላውን ስትስቡ ምላሹ ዘግየት ይላል። አልታዘዘኝም ብላችሁ ስትጨምሩበት ከልክ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ማዕበል ላይ እንዳለ ታንኳ መዋዠቅ ነው። መፍትሔው በጣም ትንሽ ነካ አድርጎ ውጤቱን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዕቃ ማለት ያቺን ትንሽ ንክኪ በትክክል የሚያነብ ነው። የእኔ መለኪያ ይሄ ነው።

ጌምፓድ (በሁለት እጅ የሚያዘው የጌም መቆጣጠሪያ) እዚህ ላይ ይሸነፋል። የአውራ ጣቷ ዱላ ጉዞዋ አጭር ስለሆነ በሚሊ ሜትር ስትገፏት ሄሊኮፕተሩ ብዙ ይደፋል። ሴንሲቲቪቲውን (ለንክኪ የሚሰጠውን ምላሽ መጠን) ዝቅ ማድረግ ይረዳል እንጂ አያድንም። ቤት ካለ ሞክሩበት፤ ለዚህ ብላችሁ ግን ብር አታውጡ።

እጀታው የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ ሌላ ነገር ነው። ዱላው ሳይክሊክ (ሄሊኮፕተሩን ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን የሚያዘነብለው)፣ መጠምዘዣው ፔዳል (አፍንጫውን ግራ ቀኝ የሚያዞረው)፣ ከግርጌ ያለው የስሮትል መንሸራተቻ ደግሞ ኮሌክቲቭ (ወደ ላይ የሚያነሳውና ወደ ታች የሚያወርደው) ይሆንላችኋል። ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮም ትረስትማስተር ቲ16000ኤምም እንዲህ ናቸው። ብር ከበቃ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ዱላውን በማግኔት ሴንሰር ስለሚያነብ እዚያ ላይ ተፋትጎ የሚያልቅ ነገር የለም።

ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ፊት ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ እዩት። ዊንዶውስ የጌም መቆጣጠሪያ መስኮት ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት አለች፤ መጠምዘዣው ደግሞ የራሱ መስመር አለው። እጃችሁን አንሱ። ሁለቱም ዝም ማለት አለባቸው። እኔ ይህን ሳላይ ከአንድ ሰው ገዛሁ። ላዩ አዲስ ይመስላል፣ መጠምዘዣው ግን ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል። የሄሊኮፕተሩ ጅራት ግራ ቀኝ ሲወራጭ ለሳምንታት ጥፋቱ የራሴ መስሎኝ ነበር። አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል።

የዚህ ጆይስቲክ ችግሩ ስፕሪንጉ ነው። ወደፊት ስትበሩ ዱላውን ከመሃል ትንሽ ወደፊት ይዛችሁ ነው የምትቆዩት፤ ስፕሪንጉ ደግሞ እየታገለ ይመልሰዋል። እጅ ሲደክም መስመሩ ይበላሻል። ዲሲኤስ የሚባለው ሲሙሌተር ላይ የትሪም አዝራር (የዱላውን አቋም የሚያስይዘው) ለዚህ ነው። ዱላውን በያዛችሁበት አዝራሩን ተጫኑና ዱላውን ወደ መሃል መልሱ፤ ሄሊኮፕተሩ ያንን አቋም ይዞ ይቀጥላል።

ሙሉ ስብስቡ፣ ማለትም ፔዳል፣ ወደ ላይ የሚሳብ ኮሌክቲቭና ስፕሪንግ የሌለው ሳይክሊክ፣ ሲያዩት ያስጎመጃል። ለቀጥታ በረራ ግን አስፈላጊ አይደለም። ፍጥነት ከያዛችሁ ፔዳል ብዙ ሥራ የለውም፤ የሚፈተነው አየር ላይ ባለበት ስትቆሙ ነው። ያኔም የፔዳሉን አቅጣጫ ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በ2022 (እ.ኤ.አ.) ያስገባቸው ቤል 407 እና ካብሪ ጂ2 የተባሉት ሄሊኮፕተሮች ሮተራቸው (ከላይ የሚሽከረከረው ትልቁ ክንፍ) የሚዞረው እርስ በርስ በተቃራኒ ነው። ኮሌክቲቭ ስትስቡ ቤሉ የግራ ፔዳል፣ ካብሪው የቀኝ ይፈልጋል። ደግሞ ይህ ሁሉ ከባድ ዕቃ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ያላችሁን ብር ጥሩ ዱላ ላይ አውሉት። ፔዳሉ ይቆይ።

አዲስ ዕቃ ስትሞክሩ ሀዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን አትርሱ። አየሩ ሳሳ ስለሚል ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ኮሌክቲቩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጆይስቲኩ ተበላሸ አትበሉ። የሐይቁ ውኃ ላይም አታፍጥጡ፤ ከፍታ አያሳይም። ዓይናችሁን አድማሱ ላይ ጣሉ። እኔ 90 ኖት (የበረራ ፍጥነት መለኪያ አሃድ) ላይ ስረጋጋ አድማሱ የሚያርፍበትን ቦታ ለይቼ፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። አድማሱ ከፕላስተሩ ሲወጣ፣ የፍጥነት መለኪያው ሳይናገር እጄ ቀድሞ ያውቃል።