አራት ኪሎ ያለው የፖስተር ማተሚያ ቤት በቀጭን መስመር ሲፈተን

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ማተሚያ ቤት ለሴሚናር የሚሆን የኤ ዜሮ ፖስተር በቅርቡ አሳትሜአለሁ። ፖስተሩ የኳሳሮችን፣ ማለትም በሩቅ ጋላክሲዎች እምብርት እጅግ ደምቀው የሚያበሩ አካላትን፣ የራዲዮ ምስል የያዘ በመሆኑ፣ ሥራው እንደ ሠርግ ባነር በደማቅ ቀለም ብቻ የሚያልፍ አልነበረም።

ኳሳሮች እጅግ ሩቅ ስለሆኑ ቦታቸው የማይነቃነቅ የሰማይ ችካል ሆነው ያገለግላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የሰማይ ማመሳከሪያ ማዕቀፍ (የሰማይ አካላት ቦታ የሚለካበት መሠረት) በ2.3 እና በ8.4 ጊጋሄርዝ የተለኩ 4,536፣ በ24 ጊጋሄርዝ ደግሞ 824 የራዲዮ ምንጮችን ይዟል። ይሁንና ብዙዎቹ ችካሎች ፍጹም ነጥብ አይደሉም፤ ከእምብርታቸው የሚወነጨፈው ቀጭን የቁስ ፍሰት (ጄት) በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ረዝሞ ስለሚታይ የሚለካውን ቦታ ያዛባል። በ24 ጊጋሄርዝ ጄቱ ይደበዝዛል፣ እምብርቱ ጎልቶ ይወጣል፤ አየኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሉበት የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል) በሞገዱ ላይ የሚፈጥረው መዘግየትም በ8 ጊጋሄርዝ ከሚፈጥረው ወደ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ይወርዳል። (በ22 ጊጋሄርዝ አካባቢ የአየሩ እርጥበት የሚያስከትለው ጫጫታ (ምልክቱን የሚያደበዝዝ ረብሻ) ግን ይህን ጥቅም በከፊል ይቀንሰዋል።)

የእኔ ፖስተር 3ሲ 273 የተባለውን ኳሳር ምስሎች በየፍሪኩዌንሲው ጎን ለጎን የሚያሳይ ነበር። የመጀመሪያው ሕትመት ባነር ላይ በመሠራቱ ቀለሙ ተስፋፍቶ፣ ተቀራርበው የተሰመሩት የብሩህነት መስመሮች (እኩል ብሩህነት ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኙት) በ24 ጊጋሄርዙ ምስል ላይ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ቀሩ። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ባለሙያዋ በምንጩ ዙሪያ የተበተኑትን ጥቃቅን ቀለበቶች ቆሻሻ መስለዋት በጥንቃቄ አጥፍታቸው ነበር። እነዚያ ቀለበቶች የምስሉ ጫጫታ ደረጃ የሚታወቅባቸው ናቸው፤ እነርሱ ከሌሉ ተመልካቹ የትኛው ደካማ ቅርጽ እውነተኛ ጄት እንደሆነ ሊመዝን አይችልም።

ነገሩን ስነግራት አልተከራከረችም። «ጋሼ፣ ያመጡት እኮ ጄፔግ ነው፤ ፒዲኤፉ ካለዎት ምንም ሳልነካ በወረቀት ላወጣልዎት እችላለሁ» አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ያህል ብንጠብቅም፣ ተጨማሪ ክፍያ ሳትጠይቅ በማያንጸባርቅ ወፍራም ወረቀት ያወጣችው ሁለተኛው ሕትመት እያንዳንዱን መስመር ለይቶ ያሳያል፤ የተቆራረጡት መስመሮች እንኳ አልጠፉም።

ለሳይንሳዊ ሥዕል ቤቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ባነሩን ግን ለሠርግ ይተዉት። ፋይሉን በፍላሽ ሲሰጡም ምንም ነጥብ እንዳይጸዳ አስቀድመው ይናገሩ።